የዓርብ ወተት

ሰኞ ጧት ሁለት ሰዎች ደጄ ድረስ መጡ። አንደኛው የደብሩ አለቃ፣ አለቃ ኃይለየሱስ ናቸው። ሁለተኛው ጸሐፊያቸው ብዙነህ ነው፤ እዚሁ ጎባ ተወልዶ ያደገ፣ ቀለምና ወረቀቱን በከረጢት አንጠልጥሎ የሚዞር ጎልማሳ። የእማሆይ እኅተማርያም የሰባት ዓመት ተዝካር ደርሷል። በዕለቱ ለሕዝብ የሚነበብ ጽሑፍ ሊያዘጋጁ ነው። አለቃ ገና አረፍ ከማለታቸው፣ «ወለተኢየሱስ፣ እስከ ዕለተ ሞታቸው ያስታመምሻቸው አንቺ ነሽ። አርባ ዓመት ሙሉ አንድም ጾም ሳይሽሩ ማለፋቸውን መስክሪልን» አሉኝ።

ወይ ጉድ! ከጎባ ሰው ሁሉ እኔን መረጡ!

ምን ብዬ እንደመለስኩላቸው እነግራችኋለሁ፣ አትቸኩሉ። መጀመሪያ ስለ አንድ ጮጮ ወተት ስሙኝ። ደግሞ እሷን «እሳቸው» እንድላት አትጠብቁ። በሕይወት ሳለች ሠላሳ ዓመት «እርስዎ» ብያታለሁ፤ እሱ ይበቃታል።

የተወለድኩት ሻያ ወንዝ ዳር ነው። ሻያ ከተራራው ላይ እየተንደረደረ ይመጣና ከጎባ ቁልቁል ሜዳው ላይ ሲደርስ ረጋ ይላል። መንደራችን እዚያ ነበረች። የዚያን ጊዜ ስሜ ቀበኔ ነው። ጧት ጧት ከብቱ ወንዙን ሲሻገር የላም ጅራት ይዤ አብሬ እሻገር ነበር፤ ውሃው እስከ ብብቴ ይደርሳል፣ ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። እናቴ ከማዶ ቆማ «እንዳትለቂው! ያዢው! ያዢው!» እያለች ትጮህብኛለች፤ ስደርስ ደግሞ በነጠላዋ ጠቅልላ እየሳቀች ታሻሸኛለች። ቀን ቀን ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ፀሐይ እየሞቅን ከጭቃ ላሞች እንሠራለን፣ ቀንድ እንተክልላቸዋለን፣ ስም እናወጣላቸዋለን። ያ ድንጋይ ዛሬም እዚያው አለ።

እናቴ ሀዌ ትባላለች። ረዘም ያለች፣ ቀጭን፣ ቶሎ የማትቆጣ፣ ልቧ አንዴ ከቆረጠ ግን የማትመለስ ሴት ነበረች። የወተት ጮጮዋን ራሷ ነች የሰፋችው፤ አንገቱ ላይ ዙሪያውን ዛጎል ደርድራበታለች። ከማለቧ በፊት ጮጮውን በወይራ ጭስ ታጥነዋለች። ወተቱ ያን የጭስ ጠረን ይዞ ይቀራል። አንዴ የቀመሰው ሰው አይረሳውም፤ ይህን ልብ በሉልኝ፣ ኋላ ያስፈልጋችኋል።

እኛ ዘንድ ወተት ሕግ አለው። ወተት ይዞ የመጣ በሁለት እጁ ይሰጣል፣ ተቀባይም በሁለት እጁ ይቀበላል። ጮጮው ለባለቤቱ ሲመለስ ባዶውን አይመለስም፤ ምንም ከታጣ እንኳ እፍኝ ለምለም ሣር ይደረግበታል። ሰው ያመጣውን ወተት እፊቱ መሬት ላይ መድፋት ግን «ከዛሬ ወዲያ አላውቅሽም፣ ጡትሽም ከብትሽም ይንጠፍ» ማለት ነው። ይህን እኛ ዘንድ ጥርሱን ያልነቀለ ሕፃን ያውቀዋል።

ከዚያ ከብቱ አለቀ። በሽታ ገባና ሻያ ዳር በሬሳቸው ተሞላ፣ ውሃው ለወራት አልተጠጣም። ከብቱን ቀብረን ሳንጨርስ ባለጠመንጃዎቹ መጡ። አባቴ ጦሩን ይዞ ወጣ፣ አልተመለሰም። ጎባ ላይ ድንኳን ተተከለ፤ ድንኳኑ ጎጆ ሆነ፣ ጎጆው በአጥር ተከበበ፣ ታቦት ገባ፣ ገበያ ቆመ። መንደራችን ከነሰዋ ባላምባራስ ደምመላሽ ለሚባል ሰው ተሰጠች። እናቴ፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ የቀረችን አንዲት ላም ነበረች።

ባላምባራስ ጭኑን በጦር ተወግቶ ተኝቶ በነበረ ጊዜ «ብድን አንዲት ነፍስ አስጠምቃለሁ» ብሎ ተስሎ ኖሯል። ዳነ። ያቺ ነፍስ እኔ ሆንኩ። ስምንት ዓመቴ ነበር። ሰዎቹ አንስተው በቅሎ ላይ ሲጭኑኝ እናቴ መንገዱ ላይ ተጋደመች፤ በቅሎዋን በጎን አዙረው አለፏት። ባላምባራስ ክፉ ሥራ የሠራ አልመሰለውም። መንገዱን ሙሉ እያዘነልኝ ዳቦ ሲያጎርሰኝ ነበር፣ እሱ ነው እኮ የሚያቃጥለው!

ያስገቡኝ ከጎባ ከፍ ብላ፣ ቶጎና ወንዝ ዳር ያለች የሴቶች ገዳም ነው። ሰባት መነኮሳት ነበሩ። የሰፋሪዎቹ ባለጠመንጃዎች ሴት ልጆች እዚያው እያደሩ ፊደል ይቆጥራሉ፣ ዳዊት ይደግማሉ፣ ጥጥ ይፈትላሉ፣ ጥልፍ ይማራሉ። እመምኔቷ እማሆይ እኅተማርያም ነበረች። ራሴን ላጩኝ፣ አጠመቁኝ፣ ማተብ አሰሩልኝ። ወለተኢየሱስ ተባልኩ። ሌሎቹ ልጆች በዓል ሲመጣ ወደ ወላጆቻቸው ይሄዳሉ፤ እኔ እቀራለሁ። ሌሎቹ ከትምህርት በኋላ ይጫወታሉ፤ እኔ ውሃ እቀዳለሁ፣ እፈጫለሁ።

ቀለሙን ግን ወደድኩት፣ ለምን እዋሻለሁ። ሀሁን በሁለት ወር ጨረስኩት። የባላምባራስ ልጅ ሠርከአዲስ ዓመት ሙሉ አቡጊዳ ላይ ቆማ ነበርና በቅናት ልትፈነዳ ደረሰች። ሌሊት ጀንዲው ላይ ከጎኔ ተኝታ ትቆነጥጠኛለች። ቀን ቀን ደግሞ እየተከተለች ወሬዬን ለእማሆይ ታደርሳለች።

እማሆይ እኅተማርያም እንዴት ያለች ሴት መሰለቻችሁ? አጭር፣ ደንዳና፣ ድምፅዋ ግቢውን ሁሉ የሚያዳርስ። ሰነፍ አልነበረችም፤ ከሁሉ በፊት ተነስታ ከሁሉ በኋላ ትተኛለች። ኩራቷ አንድ ነገር ነበር፣ ጾሟ። «ከመነኮስኩ ጀምሮ ከወተት ወገን በጾም ቀን ጠብታ በከንፈሬ አላለፈም» ትላለች። ለእንግዳ ትነግራለች፣ ለኛ ትነግራለች፣ ያልጠየቃትን መንገደኛ ጠርታ ትነግራለች። የጎባ ሰው ልጁን ሲቆጣ «እንደ እማሆይ መጾም ቢያቅትህ እስከ ስድስት ሰዓት እንኳ ያቅትሃል?» ይል ነበር። በስሟ ሊምሉ ምንም አልቀራቸው።

አሁን ወደዚያች ዓርብ ልምጣ። ከገባሁ ዓመት ያልሞላኝ ነው፣ ሁዳዴ ገብቷል። ጧት ውሃ ስቀዳ ሰው የሌለ መስሎኝ ቶጎናን በኦሮምኛ «ሻያን ሰላም በልልኝ፣ እናቴ ከመጣችልህ ደህና ናት በልልኝ» አልኩት። ሁለቱ ወንዞች ታች ይገናኛሉ ሲሉ ሰምቼ ነበር። ለካ ሠርከአዲስ ከኋላዬ ኖራለች። እማሆይ በልምጭ ገረፈችኝ፣ አልበቃ ብሏት በበርበሬ አጠነችኝ። «ያንን አፍ ሁለተኛ ከዚህ ግቢ እንዳልሰማ! ምላስሽን ነው የምቆርጠው!» አለችኝ። ዓይኔ አብጦ፣ ጉሮሮዬ ተቃጥሎ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ።

የዚያኑ ዕለት ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ በር ላይ ሴት መጣች ተባለ። እናቴ ነበረች።

ከሻያ እስከዚያ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ጮጮዋን አዝላ፣ ዳገቱን በእግሯ ወጥታ መጣች። በዚያች በአንዲት ላም፣ ወንድሜን አስርባ ያጠራቀመችውን ወተት ነው ያመጣችው። ለኔ ብቻ አይምሰላችሁ፤ ልጄን ለሚያኖሩልኝ ሴቶች ብላ ነው። እማሆይ በሩ ላይ ወጣች፣ እኔን አንገቴን ይዛ። እናቴ አየችኝ፣ ፈገግ አለች፣ ጮጮውን በሁለት እጇ አነሳችና ለእማሆይ ዘረጋችላት።

እማሆይ ከፈተችው። ወተት መሆኑን ስታይ እሳት የነካት ያህል ደነገጠች። በሁዳዴ፣ በዓርብ ቀን፣ በገዳም በር ላይ! «ልትፈትነኝ ነው የላኳት! ጾሜን ልታረክስ ነው!» ብላ ጮኸች። በአንድ እጇ ጮጮውን ገለበጠችው። ወተቱ ተደፋ። የወይራው ጠረን አካባቢውን ሞላው። ወተቱ በእናቴ እግር ጣቶች መሀል ሲወርድ አየሁት። ከዚያ ባዶውን ጮጮ አፉን ደፍታ እግሯ ስር ጣለችውና እኔን ወዘወዘችኝ፤ «ጾም ነው በያት! ንገሪያት!» አለችኝ።

ንገሪያት።

እናቴ የእስላሞቹን ወሊይ የሼኽ ሁሴንን አገር የተሳለመች ሴት ነበረች። ጾም ምን እንደሆነ አሳምራ ታውቃለች። አንዲት ቃል ብቻ ነበረች የምትበቃት፤ «ሶማ» ብላት፣ ጾም ነው ማለት ነው፣ ሁሉ ነገር በገባት ነበር። «ውይ አላወቅኩም» ብላ ራሷ ባፈረች ነበር። ግን ጧት ለዚያ ቋንቋ ተገርፌያለሁ። የበርበሬው ጭስ ጉሮሮዬ ውስጥ አለ። የተናገርኩ እንደሆነ ምላሴ ይቆረጣል፣ ካልተናገርኩም እመታለሁ። የስምንት ዓመት ልጅ ነኝ፣ ዝም አልኩ። ምላሴን ዋጥኩት።

እናቴ ጠበቀችኝ። አፌን አፌን እያየች ጠበቀችኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ራሴን ተላጭቻለሁ፣ አንገቴ ላይ ማተብ አለ፣ ያቺ ሴት እጇን አንገቴ ላይ አድርጋለች፤ ወተቷ ሲደፋ ደግሞ ዝም ብያለሁ። በገዛ ፈቃዴ ያስደፋሁት መሰላት፣ ምን ይምሰላት ታዲያ? ጮጮዋን አላነሳችም። ዞራ ቁልቁል ሄደች።

ሌሎቹ ሲገቡ ጮጮውን አንስቼ እጭድ ቤቱ ጣራ ውስጥ ሸሸግኩት። ሁለት ጊዜ ለመጥፋት ሞከርኩ፤ ሁለቱንም ጊዜ የባላምባራስ ሰዎች መንገድ ላይ ይዘው መለሱኝ። በዓመቱ ጥር ላይ እንጨት የምትሸጥ የመንደራችን ሴት በአጥሩ ቀዳዳ ጠርታኝ እናቴ መሞቷን ነገረችኝ። ተስቦ ነው አለች። «ምን ብላ ሞተች?» አልኳት። አልነግርሽም ብላ ነበር፣ አልለቀቅኳትም። «‹ልጄ ወተቴን አስደፋችብኝ› ስትል ነው የሞተችው» አለችኝ።

ያን ቀን ማልኩ። በማንም አልማልኩም፣ በዚያ ጮጮ ነው የማልኩት። እማሆይ እኅተማርያም ያንን ወተት ትጠጣታለች። በጾም ትጠጣታለች፣ በዓርብ፣ በዚያው ጮጮ።

እነሆ ከዚያ በኋላ እዚያ ግቢ ሠላሳ ዓመት ተቀመጥኩ። ሠርከአዲስ አገባች፣ ወለደች፣ ወፈረች። ሌሎቹም ሄዱ። ባላምባራስ ሲሞት የሚይዘኝ ሰው አልነበረም፤ በሩ ክፍት ነው፣ መሄድ እችል ነበር። አልሄድኩም። ሰው «ወለተኢየሱስ ምን ያለች ታማኝ ናት! እናቷን እንዲህ የሚጦር የለም» ይል ነበር። እናቷን! አንገቴን ደፍቼ «እግዜር ይስጥልኝ» እላለሁ። ወጧን እሠራለሁ፣ እግሯን አጥባለሁ፣ ሲያማት አነሳለሁ አስተኛለሁ። እንዳትሞትብኝ እፈራ ነበር። ሳል በያዛት ቁጥር ከሐኪም በላይ የምሯሯጠው እኔ ነበርኩ። ሳትጠጣ እንዴት ትሙት!

ለምን በአንደኛው ዓመት አላጠጣኋትም ትሉ ይሆናል። ዓይኗ ያይ ነበር፣ ጥርሷ ሙሉ ነበር፣ ምግቧን ከራሷ ሌላ ሰው አይነካባትም ነበር። ቆየሁ። ዓይኗ ቀስ በቀስ ጨለመ፣ ጥርሷ ረገፈ። በመጨረሻው ሁዳዴ ከአልጋ አልወርድ አለች። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ የገብስ አጥሚት እኔው እጄ ላይ ይዤ አጠጣታለሁ፤ ሌላ ነገር አትቀበልም። ቄሱ የነፍስ አባቷ አባ ተክለማርያም «ታመዋልና ወተት ይቅመሱ፣ እፈታልዎታለሁ» ቢሏት ተቆጥታ አስወጣቻቸው። በጎባ ይህ ተወራላት፣ ስሟ ጨምሮ ገነነ።

እኔ ሐሙስ ዕለት ጮጮዬን ከጣራው አወረድኩና ሻያ ወረድኩ። ወንድሜ ጎልምሶ፣ ልጆች ወልዶ፣ ከብትም አግኝቶ ነበር። ወይራ አጭሼ ጮጮውን አጠንኩት፣ እናቴ ስታደርገው እንዳየሁት። ዓርብ ማለዳ ላሚቱን ራሴ አለብኳት። አዝዬ ዳገቱን ወጣሁ። ሠላሳ ዓመት የጠበቅኩትን ነገር ጀርባዬ ላይ ተሸክሜ ስሄድ እግሬ አልደከመም፣ ደስ ብሎኝ ነበር። አዎ፣ ደስ ብሎኝ ነበር!

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገባሁ። ብቻዋን ነበረች።

«ማን ነው?»

«እኔ ነኝ እማሆይ። አጥሚትዎን አምጥቼ ነው።»

ጮጮውን በሁለት እጄ ዘረጋሁላት። በሁለት እጇ ተቀበለችኝ። ከንፈሯ አስጠጋችው፣ አፍንጫዋ ተንቀሳቀሰ፣ ከመጠጣት ገታ አለች። አየችኝ አልልም፣ ዓይን የላትም፤ ፊቷን ግን ወደ እኔ አዞረች። ልትጥለው ነው አልኩ። ከዚያ ጠጣችው። አንዴም ሳታርፍ፣ እስከ ጥንፍፋፊው ጠጣችው። አፏን በእጇ ጀርባ ጠረገች።

«ወይራ ነው» አለች። «የእናትሽ ነው።»

እሷ ቀጠለች። «ያን ጊዜ ምን እንዳደረግኩ አላወቅኩም ነበር። ነገሩን የነገረችኝ ማሚቱ ናት፣ እንጀራ ጋጋሪያችን። ወተት በሰው ፊት መድፋት በእናንተ ዘንድ ምን እንደሆነ፣ ዕቃ ባዶውን እንደማይመለስ ነገረችኝ።» መሬቱ ላይ የተጎዘጎዘውን ሣር በእጇ ዳበሰች፣ ከአልጋዋ ወደ ታች ተንጠልጥላ። እፍኝ ያህል ነጨች። ጮጮው ውስጥ ከተተችውና መልሳ በሁለት እጇ ዘረጋችልኝ። «ንገሪያት» አለች። «ጠጣሁልሽ ብላለች በያት።»

ይኸኔ ማልቀስ የሚቀናችሁ ልትኖሩ ትችላላችሁ። እኔንም ሊቀናኝ ነበር፤ ልንበረከክ ምንም አልቀረኝ። ግን አንድ ነገር ቀፈፈኝና ጠየቅኳት።

«ማሚቱ መቼ ነገረችዎ?»

«የዚያኑ ክረምት።»

የዚያኑ ክረምት! እናቴ የሞተችው ጥር ላይ ነው። ክረምቱን፣ መስከረምን፣ ጥቅምትን፣ እስከ ጥር ድረስ እናቴ ሻያ ዳር ጎጆዋ ውስጥ ነበረች። የግማሽ ቀን መንገድ! እፍኝ ሣር ጮጮው ውስጥ አድርጎ አንድ ሰው መላክ ብቻ ነበር!

«እናቴ ያን ጊዜ በሕይወት ነበረች እኮ» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች። «እመምኔት ነኝ፤ አንዲት ገባር ሴት ደጅ ሄጄ ተሳስቻለሁ ልበል? አፈርኩ። ነገ ነገ ስል ሞተች አሉኝ።» ከዚያ እጄን ፈልጋ ያዘችው። «አሁን እኩል ነን፣ ወለተኢየሱስ። ለነፍስ አባቴ እናዘዛለሁ። ለሰው ግን አትንገሪ። ከጾሜ በቀር ምን ስም አለኝ? ስሜን አትግደዪብኝ።»

እኩል ነን! እናቴ ልጄ ከዳችኝ ብላ ሞታ፣ እሷ አንድ ጮጮ ወተት ጠጥታ እኩል ነን! ያን ሣር ከጮጮው ውስጥ አወጣሁና ምድጃው ውስጥ ጨመርኩት። ሲንጣጣ ሰማችው። «እሺ በዪኝ» አለች። አልመለስኩላትም። በማግስቱም ለመነችኝ፣ በሳልስቱም። አላደርገውም አላልኩ፣ እሺም አላልኩ፤ ዝም አልኳት። የበሩ ዝምታ ምን እንደሚመስል ትቅመሰው ብዬ ዝም አልኳት። ፋሲካን ሳታይ በሆሣዕና ሳምንት ሞተች፣ እጄን እንደያዘች።

ሰባት ዓመት ሙሉ አፌን አልከፈትኩም። ለምን እንደሆነ እኔም አላውቀው። ሞታለች፣ አልቋል እል ነበር። ሌላ ጊዜ ደግሞ ሰው ቢያምነኝ ምን እጠቀማለሁ እላለሁ። እንዲህ እያልኩ ሳለሁ ነው እንግዲህ ሰኞ ጧት አለቃ ኃይለየሱስ በገዛ እግራቸው መጥተው «መስክሪ» ያሉኝ።

ብዙነህ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ብዕሩን ነክሯል። አለቃ አንገታቸውን ወደኔ ሰገግ አድርገዋል። ደጋግሜ አሰብኩ። ዝም ብል ጽሑፋቸውን ራሳቸው ይሞሉታል፣ በተዝካሩ ዕለት ሕዝብ እልል ይላል፣ የእናቴ ወተት ሁለተኛ ይደፋል። እሱንም ያስደፋሁት እኔው ልሆን ነው። አፌን ስከፍት የመጣልኝ የልጅነቴ አፍ ነው፤ በኦሮምኛ «አነን ዱግዴ» ብዬ ቀጠልኩ፤ ለእናንተ በአማርኛ ሲሆን፣ «ወተት ጠጥታለች። ዓርብ ቀን፣ በሁዳዴ።»

የብዙነህ ብዕር ቀጥ አለ። ጎባ ነው ያደገው፣ አንዲት ቃል አላመለጠችውም። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ምን አለች?» አሉ አለቃ።

ብዙነህ ወረቀቱን ያያል።

«ንገራቸው» አልኩት።

ወደኔ ቀና አለ፣ ወደ አለቃው ቀና አለ፣ መሬት መሬት አየ። ስንት ልጆች አሉት፣ እንጀራው በአለቃ እጅ ነው። ምላሱን ሲውጠው አየሁት። አልተናደድኩበትም፤ ምን ያህል እንደሚመር ከኔ በላይ ማን ያውቃል? ግን ዝምታን ለሰው ትቶ መሄድ ምን እንደሚያመጣ አይቻለሁ። ስለዚህ ራሴ ወደ አለቃ ዞሬ በጥርት ባለ አማርኛ፣ እሷው ባስተማረችኝ አማርኛ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው። ጮጮውንም አምጥቼ እፊታቸው አስቀመጥኩት።

አለቃ አማተቡ። «ይህ አይጻፍም» አሉ።

«እንግዲያው ሌላውም አይጻፍ» አልኳቸው። «አንዲት ጾም አልሻሩም ብላችሁ ካነበባችሁ፣ ተዝካሩ መሀል ቆሜ ይህንን ጮጮ ይዤ እናገራለሁ። በሁለቱም ቋንቋ እናገራለሁ።»

«ሙት አትውቀሺ! ምን አደረጉሽ፣ አሳድገውሽ፣ ፊደል አስቆጥረውሽ!»

«እናቴንስ ማን አሳደገልኝ?» አልኩ። የማይሆን መልስ ነው፣ አውቃለሁ፣ በንዴት እንዲያ ነው የወጣልኝ። አለቃ ተነስተው ወጡ። ብዙነህ ወረቀቱን ጠቀለለ። በሩ ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ በኦሮምኛ ዝቅ አድርጎ «ይቅርታ፣ አዮ» አለኝ። አዮ ማለት እናቴ ማለት ነው። እኔ ስናገር የጻፋትን ገጽ ቀዶ ኪሱ ሲከታት አየሁት።

ተዝካሩ ትናንት ሆነ። እህል ተበላ፣ ጠላ ተጠጣ፤ ጽሑፍ አልተነበበም። ሰው «ለምን ቀረ?» እያለ ሲጠያየቅ ዋለ። እሰይ፣ ይጠያየቅ! ያ ስም በጎባ ሰው አፍ ላይ እንዲህ እየቀዘቀዘ፣ እየቀዘቀዘ ይሄዳል፤ እኔ ደግሞ የጠየቀኝን ሁሉ እነግራለሁ። ይኸው ለእናንተም ነገርኳችሁ።

ዛሬ ጧት ጮጮውን አዝዬ ሻያ ወርጄ ነበር። እናቴ የተቀበረችው ከጠፍጣፋው ድንጋይ ከፍ ብሎ ነው፣ ወንድሜ ድንጋይ ከምሮባታል። ከወንዙ ዳር ለምለም ሣር ነጨሁ፣ በገዛ እጄ፣ ጮጮውን ሞላሁትና እራስጌዋ አስቀመጥኩላት። እማሆይ አድርሺ ያለችኝን አላደረስኩም። ጠጣሁልሽ ብላለች አላልኩም፤ ያንን ራሷ ትንገራት፣ ሁለቱም እዚያው ናቸው። እኔ ማድረስ የነበረብኝ መልእክት ሌላ ነው፣ ሠላሳ ሰባት ዓመት ሙሉ ጉሮሮዬ ውስጥ የተቀመጠ። ጎንበስ አልኩና ድንጋዩ ላይ አፌን አስጠግቼ ነገርኳት።

«ሶማ፣ አዮ» አልኳት። «ጾም ነበር።»